የሞተሯ ፍሬ በነጠላዬ ጫፍ

በበዓል ቀን ልጆቼ ሲሰበሰቡ ይህን ታሪክ እያነሱ ይስቃሉ። ትልቁ ልጄ አብዮት ጥበቃዎቹ መኪና ሲገፉ እያስመሰለ፣ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ምራቶቼ ሆዳቸውን ይይዛሉ፣ የልጅ ልጆቼ "አባዬ፣ ድገመው!" ይላሉ። እኔ አልስቅም። ሰው ውስጥ እግሩን የተገረፈበት ነገር ምኑ ነው የሚያስቀው? እነሱ ሲያወሩት የሚዘሉት ብዙ ነገር አለ። የዘለሉትን እኔ እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አላውቅም። የሆነውን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢ ነበር። ግቢው የአባቴ ነው። አባቴ ሽንብራና ጤፍ የሚዘራበትን ማሳ የመሬት አዋጁ ሲወስደው ለእኛ ቤቱና ግቢው ቀረልን። ባለቤቴ ሾፌር ነበር። ከብዙ ልፋት በኋላ አንዲት ያረጀች ፒካፕ ገዝቶ፣ ከኋላዋ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አስበይዶ፣ ሸራ አልብሶ፣ ከነፋስ ስልክ መካኒሳ ሰው ያመላልስባት ነበር። እንዲህ ያሉትን መኪኖች ሕዝቡ "ውይይት" ይላቸው ነበር። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚቀመጠው፤ ጊዜውም ቀበሌው ሁሉ ሰውን ሰብስቦ "ተወያዩ" የሚልበት ነበር። በቀበሌው ውይይት ሰው ፈርቶ አፉን ይዘጋል። በእኛ ውይይት ግን ስለ ስኳሩም ስለ ሳሙናውም ይወራ ነበር።

መኪናዋ አሮጊት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ይቀብራል፣ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ "አዙሪ!" ሲለኝ ቁልፉን አዞራለሁ። እንዲህ እያልኩ ብዙ ነገር ለመድኩ። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ወይ ነዳጅ አጥቷል ወይ እሳት አጥቷል። ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚለው ይህንን ነበር። ጨርሶ ካልዞረ ግን ባትሪውን ወይም ሞተሩን የሚያዞረውን ሞተሪኖ ነው የምትጠረጥሪው ይለኛል።

ማታ ማታ ደግሞ የማይረሳው አንድ ሥራ ነበረው። ኮፈኑን ከፍቶ የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ያነሳና ከውስጡ አንዲት ጥቁር ነገር መዞ ኪሱ ውስጥ ይከታታል። የአውራ ጣት ያህል ናት፣ ጫፏ ላይ የነሐስ ቁራጭ አላት። ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ለየካንዴላው እሳቱን በየተራ የምታድለው እሷ ናት። መካኒኮች ስም አላቸው ለሷ፣ እኛ ቤት ግን "ፍሬዋ" ነበር የምንላት። ፍሬዋ ከሌለች ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሳም። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ሾፌር ብዙው እንዲህ አድርጎ ነበር የሚያድረው። ሌባን ፈርተው ይመስላችኋል? ሌባውንማ ውሻው ይጠብቀው ነበር። የሚፈሩት ቀበሌውን ነው። ከኛ በላይ የሚኖር አንድ ሰው መኪናውን "ለአንድ ቀን ለአብዮቱ ሥራ" ተብሎ ተወሰደበት። ሲመልሱለት በገመድ ተጎትታ መጣች፣ ሞተሯ ውስጥ ምን እንደቀረ እግዜር ይወቅ። ሰውየው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና ቤቱ ገብቶ ተኛ። ለማን አቤት ይላል?

አንድ ቀን ባለቤቴ አጎቱ ሞቶ ለለቅሶ አገሩ መሄድ ነበረበት። መኪናዋን ከከተማ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነዳጁም በኩፖን ነው። ስለዚህ በአውቶቡስ ሄደ። ሊወጣ ሲል ፍሬዋን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ለማንም እንዳትሰጪ" አለኝ። "እግዜር ራሱ መጥቶ ቢጠይቅሽ።"

"ኧረ በስማም በል!"

"ነገርኩሽ። ከሰጠሻት መኪናዋን ደህና ሰንብቺ በያት።"

ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። ነጠላዬ ከላዬ አይጠፋም፤ ከዚያ የተሻለ ካዝና አልነበረኝም።

እሱ በሄደ በማግስቱ ጠዋት የውጪው በር ተደበደበ። ስከፍት የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ነው፣ ጠመንጃ ያነገቡ ልጆች አስከትሎ። ይህ አዛዥ እዚያው ሰፈር ያደገ ነው። እናቱን አውቃታለሁ፣ ደግ ሴት ነበረች፤ እሱ ማንን እንደወጣ አላውቅም።

"እትዬ፣ የመኪናዋን ቁልፍ አምጪ።"

"ለምን?"

"ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች።"

"ባለቤቷ ለቅሶ ሄዷል። ሲመጣ ጠይቀው።"

"አብዮቱ ከለቅሶ የሚመለስ ሰው አይጠብቅም።"

"ወረቀት አለህ?"

የጠመንጃውን ሰደፍ መታ መታ አደረገ። "ይኸው ወረቀቴ።"

ቁልፉን አምጥቼ ወረወርኩለት። ምን አለብኝ? መኪናዋን የማያስነሳ ቁልፍ ነው።

ከነሱ ጋር የመጣ አንድ ሾፌር ነበር፣ ከጦር ሠራዊት የተመለሰ። መሪው ላይ ወጣና አዞራት። ሞተሩ ይዞራል፤ ሞተሪኖው ደህና ነው፣ ባትሪውም ጠግቦ ያደረ ነው። ግን እንቢ አለች። ደግሞ አዞራት። የነዳጅ ፔዳሉን ረግጦ ረግጦ ደግሞ አዞራት። ምንም የለም።

"ነዳጅ ነው" አለ፣ ወርዶ ኮፈኑን እየከፈተ። "ነዳጅ አልደረሳትም።"

ቱቦውን ፈትቶ በአፉ ሳበ። ቤንዚኑ እስከ ጉሮሮው ሞላውና ተፋው፣ አሳለው፣ ልጆቹ ሳቁበት። ነዳጅ መኖሩን በገዛ አፉ ቀምሶም "ነዳጅ ነው" ከማለት አልተመለሰም። ኋላ ነው የገባኝ። ሰውየው ዕድሜውን የነዳው የናፍጣ ካሚዮን ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ካንዴላ የሚባል ነገር የለውም፣ እሳትም አይፈልግም። የናፍጣ መኪና እየዞረ ካልተነሳ ጣጣው ነዳጅ ነው። እሱ የሚያውቀው ይህንን ነበር፤ ስለዚህ የኔን አሮጊት መኪና በቤንዚን አጥለቀለቃት። ግቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አያለሁ። ፍሬዋ ነጠላዬ ጫፍ ላይ፣ እጄ ውስጥ ናት።

አዛዡ ሰዓቱን አየ። "መካኒኩን ጥሩት" አለ።

መካኒኩ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር የሚሠራ ሰው ነው። ከደቡብ የመጣ ነው፣ ጴንጤ ነው። ያኔ የነሱ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት፤ እሱም በዚያ ምክንያት አንድ ጊዜ ታስሮ ወጥቷል። እኛ የአቦ ሰዎች አንወዳቸውም ነበር። ጠላችንን አይቀምሱም፣ ማኅበራችን ላይ አይገኙም፣ ለታቦት አይሰግዱም። እኔም አልወዳቸውም ነበር፤ ስለዚህ ሰውየውን የማውቀው ከባለቤቴ ጋር ኮፈን ሥር ሲያጎነብስ ብቻ ነው።

መጣና ለሁሉም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። "እስቲ አዙራት" አለ። ሾፌሩ አዞራት። ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ።

"መዞሩን ትዞራለች። ባትሪው ደህና ነው።"

አንድ ካንዴላ ፈትቶ አሸተተው፤ ይንጠባጠባል። "ነዳጅስ ሞልቶ ፈሷል። የጠፋው እሳት ነው።" ካንዴላውን ከገመዱ ጋር መልሶ ሰክቶ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስደገፈው። "አዙራት።" ምንም ብልጭ አላለም። ከዚያ እሳቱን ከሚያመነጨው ከቦቢናው የሚመጣውን ወፍራሙን ገመድ ነቅሎ ጫፉን ከብረት ጋር አቀራረበው። "አዙራት።" ጠቅ ብሎ ሰማያዊ እሳት ዘለለ፤ ቦቢናው ደህና ነው ማለት ነው።

ገመዱን መለሰ። የማከፋፈያውን ክዳን መያዣዎች ለቀቀና ክዳኑን አነሳው።

ውስጡን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ብዙ አላየኝም፣ አንዴ ነው። ክዳኑን በቦታው መልሶ ገጠመው፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እህስ?" አለው አዛዡ።

"አትነሳም።"

"ለምን?"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን "ቦቢናው ተቃጥሏል" ይልና ነገሩ ያልቃል። ማን ያውቅበታል? ሾፌሩ ከናፍጣ ሌላ አያውቅ፣ አዛዡ ከጠመንጃ ሌላ አያውቅ። እኔ በልቤ "ተቃጥሏል በል፣ በል፣ አፈር አይብላህ፣ በል" እያልኩ እለምነዋለሁ።

"ምክንያቱን አይቼዋለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ግን አልናገርም።"

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አናዶኝ አያውቅም። አዛዡ እንኳ እንደዚያ አላናደደኝም።

"ምን አልክ አንተ?"

"ባለመኪናው ሲመጣ ለሱ እነግረዋለሁ።"

"ለኔ አልናገርም ነው የምትለው?"

"አላየሁም ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። አይቻለሁ። ብነግርህ ደግሞ ሰው አሳልፌ መስጠቴ ነው።"

ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ "እንግዲያው መንፈስ ቅዱስ ያስነሳታ! ጸልይላት!" አለው። ሌላው እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ እንደመጸለይ አደረገ። አዛዡ ግን አልሳቀም። የሰማው አንድ ነገር ነው።

"ሰው አሳልፎ መስጠት? እንግዲህ ሰው አለበት። አሻጥር ነው።"

ያኔ "አሻጥር" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ሰው የሚታሰርበት፣ አንዳንዱም ወጥቶ የሚቀርበት ቃል ነው። መካኒኩን በሰደፍ ጀርባውን መቱት፤ በግንባሩ መኪናዋ ላይ ተደፋ። ከዚያ እጁን የፊጥኝ አስረው ወደ ቀበሌ ወሰዱት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች ብለው ነው።

ልጆቼ ጓዳ ውስጥ ናቸው። ባለቤቴ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ልናገር ብል እሱን የሚጠብቁት እዚያው መናኸሪያው ላይ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰውየው የእኛን ዕዳ ይከፍላል። ግቢው ውስጥ እየተመላለስኩ ሁሉንም ረገምኩ። ባለቤቴን "ፍሬዋን አደራ" ብሎ ስለሄደ ረገምኩት። አዛዡን ረገምኩት። መካኒኩን ግን ከሁሉም አብልጬ ረገምኩት። ማን ጠየቀህ? ማን ጠብቀኝ አለህ? አንዲት ውሸት አቃተችህ?

ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ መጣች፣ ሕፃን አዝላ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም።

"እትዬ፣ ከርስዎ ግቢ ነው የወሰዱት አሉኝ። ምን አጥፍቶ ነው?"

"ምንም አላጠፋም።"

"እሺ" አለች። ከዚያ፣ "ምሳውን ያስገቡለት ይሆን? ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስጠይቅ ዛሬ ሰው የለም፣ ሁሉም ሠርግ ላይ ናቸው አሉኝ።"

"የምን ሠርግ?"

"የአዛዡ ወንድም ነዋ። ሙሽራዋ የለቡ ልጅ ናት አሉ። ማምጫ መኪና አጥተው ነው እየዞሩ ያሉት።"

እስከዚያ ድረስ ፈርቼ ነበር። ይህን ስሰማ ፍርሃቱ ተነቅሎ ሄደ። ለሙሽራ ማምጫ! ሰው የሚገረፈው፣ መኪና የሚቀማው፣ "አብዮቱ" የሚባለው ለሙሽራ ማምጫ ነው! ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሽቅብ ወጣሁ። ሚስትየዋ ከኋላዬ ትከተለኛለች።

ቀበሌው የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። በግቢው በኩል የቀበሌው ሱቅ አለ፤ ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰልፉ እስከ መንገድ ወጥቷል፣ አብዛኛው ሴት ነው። ከኋላ ካለው ክፍል ድምፅ ይሰማል። የሚገረፈው ሰው ድምፅ አይደለም፤ የአለንጋው ነው። ሰልፈኛው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስኳሩን ትተው ቢሄዱ ደግሞ ልጆቻቸው ምን ይጠጣሉ? ይገባኛል። ያናድደኛልም።

በሩ ላይ የቆመው ልጅ "ወዴት ነው?" አለኝ።

"አዛዡን ጥራልኝ።"

"ሥራ ላይ ነው።"

"ሥራውን ሰማሁት። ጥራው!"

ጮህኩ መሰለኝ፤ አዛዡ ራሱ ወጣ። ለሠርጉ አዲስ ሱሪ ለብሷል፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ። በሰልፉ ሁሉ ፊት የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁና ፍሬዋን ከፍ አድርጌ ያዝኳት።

"ይችን ነው የምትፈልገው። መኪናዋ ያልተነሳችው ይች ስለሌለቻት ነው። ያወጣኋት እኔ ነኝ።"

ያወጣት ባለቤቴ ነው። እኔ ግን ጴንጤ አይደለሁም፤ እንደ ልቤ ዋሸሁ።

"አንቺ?"

"እኔ። ባለቤቴ አያውቅም። ያሰርከው ሰውም አልነካትም።"

"ይሄ አሻጥር ነው። ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?"

"ማታ ቤትህን ትቆልፋለህ?"

"ምን አገናኘው?"

"ትቆልፋለህ ወይ ነው የምልህ። ቁልፉንስ የት ታሳድራለህ? ኪስህ ውስጥ አይደለም? እኔም ንብረቴን ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩ። ይሄ አሻጥር ከሆነ አንተም አሻጥረኛ ነህ።"

ከሰልፉ ውስጥ አንዷ ሳቋ አመለጣት። አዛዡ ዞር ሲል በነጠላዋ አፏን ከደነች።

"ለአብዮቱ ሥራ የተፈለገ ንብረት—"

"አብዮቱ ለቡ ሚስት ሊያገባ ነው እንዴ?" አልኩት። "ንገሩን እንጂ ጓድ! እልል እንድንል!"

ከሰልፉ መሐል ያለች አንዲት አሮጊት፣ ያበደች ይሁን የጠገበች እንጃ፣ "እልልልልል!" አለች። ያኔ ሰልፉ ሁሉ ፈነዳ። ስኳር የሚመዝነው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ሚስትየዋ ብቻ አልሳቀችም፤ ዓይኗን ከኋላው በር ላይ አልነቀለችም።

አዛዡ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዕቃዋን ስጪኝ" አለኝ።

"መጀመሪያ ሰውየውን።"

"አስርሻለሁ።"

"እሰረኝ። እሱን ግን ፍታ። በእኔ ምክንያት እሱ አይገረፍም። እኔን ካሰርክ ደግሞ ይችን እንዴት እንደምውጣት አሳይሃለሁ።" አፌን ከፍቼ ፍሬዋን አስጠጋሁ። የምውጣት መስሎት ነበር። እኔም የምውጣት መስሎኝ ነበር።

ሰዓቱን አየ። ሙሽራው ከረባቱን አስሮ እየጠበቀ ነው። እንግዲህ ሰውየውን ፍትሕ አላስፈታውም፣ እንዲያ እንዳይመስላችሁ። የሠርጉ ሰዓት ነው ያስፈታው።

መካኒኩን አወጡት። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ መጣ። ሚስቱ ክንዱ ሥር ገባች። እኔ ፍሬዋን ለአዛዡ አልሰጠሁም፤ የመካኒኩ መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት።

"ሂድ ግጠማት።"

መዳፉን አየ፣ እኔን አየ። "እትዬ፣ ይሄ የባለመኪናው ነው። እሱ ሳይፈቅድ..."

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ልታሳብደኝ ነው የተነሳኸው? ባለመኪናዋ እኔ ነኝ! ግጠማት!"

"እሺ፣ እርስዎ ካሉ" አለ።

ወደ ግቢዬ ወረድን። እሱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ ፍሬዋን ገጠማት፣ ክዳኑን መለሰ። አዞሯት። እንደገና እንቢ! ልጆቹ ጠመንጃቸውን ነካኩ። መካኒኩ ግን አልደነገጠም።

"ካንዴላዎቹ ረጥበዋል። ስታጥለቀልቋት ነው ያረፈዳችሁት።"

አንድ በአንድ እየፈታ፣ ያንኑ ፍሬዋ የነበረችበትን የነጠላዬን ጫፍ ተቀብሎ አደረቃቸው። ሲመልሳቸው ደግሞ ባትሪው ደከመ፤ ሞተሪኖው አንዴ "ኡህ" ብሎ ቀረ።

"ቁልቁለቱ ላይ ግፏት" አለ።

እንግዲህ ልጆቼ የሚስቁበት ይህ ነው። አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ጀርባቸው ላይ አዙረው፣ በሠርግ ልብሳቸው ገፏት። አዛዡም ገፋ። ናፍጣው ሾፌር መሪው ላይ ሆኖ፣ መካኒኩ ከሳጥኑ ላይ "ሁለተኛ አስገባ! አሁን ፍሪሲዮኑን ልቀቅ!" ይጮሃል። አንዴ ተንገጫገጨች፣ ሁለቴ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ ፊታቸው ላይ ለቃባቸው ተነሳች። አዲሱ ሱሪ ጥቀርሻ ሆነ። አዎ፣ ያስቃል። ሳቁ።

ግን ዞር ብላችሁ ሳጥኑን እዩ። ሰውየው መነሳት አቅቶት እዚያው ቀርቷል። እኔና ሚስቱ ደግፈን ቤት አስገባነው። ውኃ አሙቄ፣ ጨው ጨምሬ እግሩን ነከርኩት። ውስጥ እግሩ የሰው ሥጋ አይመስልም ነበር። እያጠብኩት ንዴቴ አልበርድ አለኝ።

"ምናለ 'ቦቢናው ተቃጥሏል' ብትላቸው?" አልኩት። "አንዲት ቃል! ማን ያውቅብህ ነበር?"

አሰብ አደረገ። "አልተቃጠለማ፣ እትዬ" አለ።

ሳፋውን በላዩ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ ነበር።

መኪናዋን በነጋታው መለሱልን። ነዳጇን ጨርሰው፣ ሸራዋን ቀደው፣ አንዱን አግዳሚ ሰብረው፣ መስታወቷ ላይ የሙሽራ ሪባን እንደታሰረ። ይቅርታ ያለ የለም። ከዚያ ወዲያ አዛዡ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል፤ መንግሥቱ እስኪለወጥ ድረስ ያዞር ነበር።

ባለቤቴ ከለቅሶው ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ሪባኑን ነው።

"ሰጠሻቸው?"

ሁሉንም ነገርኩት። ስለ መካኒኩ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ስጨርስ ያነሳው ግን ስለ አግዳሚው ነው።

"ስንት ጊዜ አደራ አልኩሽ! ለአንድ ጴንጤ ብለሽ መኪናዬን?"

"ያ ጴንጤ ስምህን አልጠራም። እየገረፉት ስምህን አልጠራም!"

"እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም።"

"እኔም አላልኩትም። አደረገው እኮ! ሂድና አመስግነው።"

"እሺ፣ ሲመቸኝ እሄዳለሁ።"

መቼ እንደሚመቸው አውቃለሁ። ጴንጤ ቤት በቀን ሲገባ የታየ ሰው ይጠቆማል፤ እሱን ነው የፈራው። ፍርሃቱን አልነቅፍም። ግን ያ ሰው እንደሱ ቢፈራ ኖሮ አያድነውም ነበር። አግዳሚውን አስበየደ፣ ሸራውን አሰፋ፣ ማታ እንደ ልማዱ ፍሬዋን አውጥቶ ኮቱ ኪስ ከቶ ተኛ። እኔ ተነስቼ ከኮቱ አወጣኋት።

ጠዋት ኪሱን ቢዳብስ የለችም። ኮቱን አራገፈ፣ አልጋውን ገለበጠ። ምናልባት ማታ ሳላወጣት ቀርቼ ይሆናል ብሎ መኪናዋን አዞራት። ዞረች፣ ዞረች፣ አልተነሳችም። ውጪ ተሳፋሪዎቹ መሰብሰብ ጀምረዋል፣ "ኧረ ምን ሆነች ዛሬ?" ይላሉ። እሱ ወጥቶ ደጃፌ ላይ መጣ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

"የት ነው ያደረግሻት?"

"አይቻታለሁ" አልኩት። "ግን አልናገርም።"

አፈጠጠብኝ። ሊመታኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ መትቶኝ አያውቅም፣ የዚያን ቀን ግን ይችል ነበር። ተሳፋሪዎቹ ያያሉ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና በቀን ብርሃን፣ በእግሩ፣ በቀበሌው በር በኩል ባሕር ዛፉ ዘንድ ወዳለው የመካኒኩ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ሸኘሁት።

እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

"እግሩ መግል ይዟል" አለ። እጁን ዘረጋ። ቋጠሮዬን ፈታሁለት።

መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። ተሳፋሪዎቹ ሊሳፈሩ ሲሉ "ዛሬ ሌላ መኪና ፈልጉ" አላቸው። ወደ ለቡ መንገድ ወርዶ፣ መካኒኩን አቅፎ ከኋላ ጫነው፣ ሚስቱንም ከነልጇ። እኔም ገባሁ። ወደ ጤና ጣቢያው የሄድነው በቀበሌው ፊት ለፊት ነው፣ ሌላ መንገድ እያለ ሆን ብሎ በዚያ ነዳ።

ውይይት ውስጥ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት፤ ዓይን የሚያሳርፉበት ሌላ ቦታ የለም። በጨርቅ የተጠቀለለው እግሩ በእኔ በኩል አግዳሚው ላይ ነው፤ ጎድጓዳ ባገኘን ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ንዴቴ እንደገና መጣ።

"አሁንም ቦቢናው አልተቃጠለም ትላለህ?" አልኩት።

"አልተቃጠለማ፣ እትዬ" አለ፣ ከንፈሩን ነክሶ።